የክረምት ትምህርት በበጋ ጆሮ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ደረት ኪስ ስለሚገባው ማጫወቻ ነው። በደብረ ማርቆስም በሞጣም በገበያ ቀን ተደርድሮ የሚሸጠው፣ ሬዲዮና የሜሞሪ ማስገቢያ ያለው፣ ያንን ጠፍጣፋ የድሮ የኖኪያ ባትሪ የሚጎርሰው። ሰው መዝሙርና ዘፈን ያዳምጥበታል፤ እኔ የክረምት ትምህርቴን ይዤበት እዞራለሁ።

በክረምት መርሐ ግብር የተማረ መምህር ነገሩ ይገባዋል። ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምር የከረመ ሰው ሐምሌ ሲገባ እርሱ ራሱ ተማሪ ይሆናል። ትምህርቱ በጥቂት ሳምንታት ተጣድፎ ያልቃል፤ መስከረም ሲጠባ ሁላችንም ወደየወረዳችን እንበተናለን። ስለዚህ መምህሩን አስፈቅደን በስልክ እንቀዳለን። ከፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ የታጠፈ ነጠላ ከስር አንጥፈን። ነጠላው ቀልድ አይደለም፤ ያለ እርሱ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ኳኳታው ንግግሩን ይውጠዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ቅጂው ወደ ማጫወቻው ሲሄድ ነው። የድምፅ ፋይል ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የእኔ ስልክ የቀዳው ኤም4ኤ የሚባለው ነው። የድሮ ስልክ የያዘው ጓደኛዬ የቀዳው ኤኤምአር ነው። በቴሌግራም በድምፅ መልእክት የተላከው ደግሞ ኦፐስ ነው። ይህ ትንሽ ማጫወቻ የሚያውቀው ኤምፒ3 ብቻ ነው፤ ሌላውን አያይም፣ ወይም ያይና ዝም ይላል። የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ኤምፒ3 ብትቀይረው ይሠራል የሚል ምክር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲዘዋወር እሰማለሁ። አይሠራም። ስም ስለተቀየረ ውስጡ አይቀየርም። ቪኤልሲ ወይም ኦዳሲቲ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም መለወጥ ነው፤ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው።

ስትለውጡ ለዘፈን የሚሆነውን ጥራት አትከተሉ። አንድ ሰው ቆሞ ለሚናገረው ንግግር ሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ) በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይበቃል። በዚህ ልክ አንድ ሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ ከ250 ሰዓት በላይ ይይዛል። የበለጠ ለመቆጠብ ብላችሁ የናሙና መጠኑን፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚወስነውን ቁጥር፣ ከ44,100 ወደ 8,000 አታውርዱት። ርካሽ ማጫወቻዎች እዚያ ላይ ይደናበራሉ፤ አንዳንዱ ጭራሽ እምቢ ይላል። ካርዱም ትልቅ ሲሆን የተሻለ አይደለም። እስከ 32 ጊጋባይት ያሉት ፋት32 በሚባለው የፋይል አደራደር ተዘጋጅተው ስለሚመጡ ይነበባሉ፤ 64 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ኤክስፋት በሚባለው በሌላ አደራደር ስለሚመጡ ብዙዎቹ ትንንሽ ማጫወቻዎች ካርድ መኖሩንም አያውቁም።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነበር። ሰባተኛው ትምህርት ከሦስተኛው በፊት ይመጣል፤ ትናንት የተዋወቅነው ሐሳብ ዛሬ ገና ይተዋወቃል። ሜሞሪ የሚጭን አንድ ልጅ ነው የገለጠልኝ። «መምህር፣ ይህ ዕቃ ስም አያነብም፤ ቀድሞ የተጫነውን ያስቀድማል» አለኝ። ልክ ነው። በርካታ ማጫወቻዎች ፋይሎቹ ካርዱ ላይ በተመዘገቡበት ተራ ይሄዳሉ። መፍትሔው ካርዱን አጽድቶ ፋይሎቹን ከአንድ ጀምሮ በየተራ መገልበጥ ነው። ስማቸውም 01፣ 02 እየተባለ ቢጀምር ይሻላል፤ በአማርኛ የተጻፈውን ስም ማጫወቻው የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል፤ በስም የሚደረድረው ዓይነት ደግሞ ዜሮው ከሌለ 10ን ከ2 ያስቀድማል።

ከዚያ መቁረጥ አለ። ይህ ማጫወቻ ሲጠፋ የት እንደደረሰ አያስታውስም። የሁለት ሰዓት ንግግር መሐል ላይ ባትሪው ካለቀ እንደገና ከ«እንደምን አደራችሁ» ይጀምራል። ስለዚህ በአሥር በአሥራ አምስት ደቂቃ እቆርጣለሁ፤ ግን በሰዓት አይደለም፣ በሐሳብ ነው። የትምህርት ሥነ ልቦናውን ስቆርጥ የሥነ ልቦና ሊቁን የፒያጄን አራት የልጆች አስተሳሰብ ዕድገት ደረጃዎች ለአራት ከፈልኳቸው። የት ላይ አንዱ አልቆ ሌላው እንደሚጀምር ለማግኘት ደጋግሜ ስሰማ፣ ሦስተኛውን ደረጃ፣ ከ7 እስከ 11 ዓመት ያለውን፣ ክፍል ውስጥ ከሰማሁት ይልቅ እዚያ ኮምፒውተር ፊት ተማርኩት። መምህሩ ሦስት ጊዜ እንደደገመው እንኳ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

በጆሮ መማር ለጎጃም እንግዳ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤቶቹ ዲማና ዋሸራ ስማቸው የገነነው በቅኔ ነው። እዚያም ተማሪው የሚጀምረው ከረጅሙ አይደለም፤ ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት (ባለ ሁለት መስመር) ቅኔ ነው፤ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ በኋላ ይመጣል። እኛ የተማርን ነን ባዮች ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት ጆሯችን ላይ አፍስሰን «አዳምጬዋለሁ» እንላለን።

ስልክ እያለ ለምን ትደክማለህ የሚሉኝ አሉ። ስልኩ መልእክት ያመጣል፣ ሰው ይደውላል፣ ባትሪው ለማታ ያስፈልጋል። ይህ ዕቃ ማንም አይደውልለትም።

የማይድኑ ቅጂዎችም አሉ። የደብረ ማርቆስ ክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ መምህሩ አፉ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ኦዳሲቲ ጩኸት ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሚያዋጣው እንደ ማራገቢያ እኩል ለሚሰማ ድምፅ ነው። ዝናቡ አንዴ ይከብዳል፣ አንዴ ያባራል፤ እርሱን አጠፋለሁ ስትሉ የመምህሩ ድምፅ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚናገር ይመስላል። እንደነዚህ ያሉትን ትቼ ከጓደኛ ደብተር እገለብጣለሁ።

ስታቲስቲክሱን ደግሞ ከነጭራሹ ከካርዱ አውጥቼዋለሁ። «ይህን ወደዚህ አምጡና በዚያኛው አካፍሉት» እያለ ሰሌዳው ላይ የሚጠቁም መምህር በጆሮ አይያዝም። የቀሩትን ግን በደብተሬ ኅዳግ ላይ የፋይሉን ቁጥር እየጻፍኩ አስተሳስሬያቸዋለሁ፤ 14 ላይ ያልገባኝን ማታ ገጹን ገልጬ አየዋለሁ።