ዕድሜ ጠገብ መርሴዲሶችን በአስተማማኝ ሁኔታ መንገድ ላይ ስለ ማቆየት

የተከበራችሁ ባለመኪኖች፣ በጋራዥ ሥራ ላይ የምትገኙ ባለሙያዎችና ሙያውን በመማር ላይ ያላችሁ ወጣቶች፤

ዛሬ የምናገረው ብዙ ኪሎሜትር ስለ ሄዱ የመርሴዲስ መኪኖች ነው፤ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ስለ ቀረበው ደብሊው 123 እና በ1984 መጨረሻ ላይ ብቅ ብሎ ቦታውን ስለ ተረከበው ደብሊው 124። እነዚህ መኪኖች አዲስ በነበሩበት ጊዜ የባለሥልጣንና የባለሀብት መኪኖች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቶቻቸው ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል፤ የሚጠይቁት የጥገና ደረጃ ግን ከፋብሪካ በወጡበት ቀን ከነበረው አልወረደም። ብዙዎቻችን የምንቸገረውም መኪናውን በቻልነው ዋጋ ከገዛን በኋላ ጥገናውንም በዚያው ሂሳብ እናልፈዋለን ብለን ስለምናስብ ነው።

ጉዳዩ በእኛ አገር ከቅንጦት ወሬ ያለፈ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ እንደ ዕድሜያቸው በእጅጉ ከፍ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታውቋል። ስለዚህ በእጃችን ያለውን መኪና በአግባቡ መያዝ ለብዙ ቤተሰብ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል።

እንዲህ ያሉ የመርሴዲስ መኪኖች ምን ያህል ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያሳይ የታወቀ ማስረጃ አለ። በግሪክ የተሰሎንቄ ታክሲ ነጂ የነበሩት የግሪጎሪዮስ ሳኪኒዲስ መኪና፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራው የደብሊው 123 ቀዳሚ የሆነው ደብሊው 115 ባለ 240 ዲ፣ 4.6 ሚሊዮን ኪሎሜትር ሄዷል፤ መኪናውም በ2004 ወደ መርሴዲስ ሙዚየም ገብቷል። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር ቢኖር የመኪናው ሞተር ከአንድ ጊዜ በላይ መቀየሩን ነው። እኔ ግን ዋናው ትምህርት እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል። ያ መኪና ያን ያህል የሄደው የሚያልቅ ዕቃ ስላልነበረው አይደለም፤ የሚያልቀው ሁሉ በተራው እየተተካለት ነው። እኔም ዛሬ የምለው በአንድ አሳብ የሚጠቃለል ነው፤ ገንዘባችንንና ጊዜያችንን ከሁሉ በፊት ማዋል ያለብን በማይታዩት ነገሮች ላይ፣ ማለትም በፈሳሾቹ፣ በላስቲኮቹና በክፍተት ልኬቶቹ ላይ ነው፤ ያውም ከመበላሸታቸው በፊት።

ከእነዚህ ሁሉ ረዘም ያለ ጊዜ የምሰጠው ለማቀዝቀዣው ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን የእነዚህን ሞተሮች ዕድሜ ከሚያሳጥሩት ነገሮች ቀዳሚው ሙቀት ነው ብዬ አምናለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ላይ ሳይከደን የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሌላ በኩል ጤነኛ ሞተር በሥራ ላይ ሳለ ውሃው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል። ውሃው እዚያ ላይ ሳለ እንዳይፈላ የሚጠብቅልን የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ክዳኑ በውስጡ ባለው ሞላ አማካይነት 1 ባር ያህል ግፊት ሲይዝ የመፍያው መጠን ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሞላው የላላ ወይም ላስቲኩ የደረቀ ክዳን በቆላ የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ጉዳቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ እዚህ ግን የእንጦጦን ዳገት ሳይጨርስ ውሃውን ያስተፋል። ባለመኪናውም በጥቂት ብር የሚገዛውን ክዳን ሳይመለከት ራዲያተሩን ያስወልቃል፤ ከዚያም ቴስታታውን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተሩን ክፍል፣ ያስከፍታል።

ሁለተኛው የማቀዝቀዣ ጉዳይ የሚሞላው ውሃ ነው። ቅዝቃዜያችን ውሃ የሚያረጋ ስላልሆነ ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ፣ ኩላንት፣ አያስፈልገንም የሚል አስተያየት በሰፊው ይነገራል። ኩላንት ግን ከመርጋት ከመከላከሉ ሌላ ሁለት ሥራ አለው፤ የመፍያውን መጠን ከፍ ያደርጋል፣ ብረቱን ከዝገትና ከመበላት ይጠብቃል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላ ማዕድኑ በውሃ መተላለፊያዎቹ ግድግዳ ላይ እየተጋገረ ሙቀቱ እንዳይወጣ ያግዳል። በደብሊው 123 የናፍታ ሞተሮች ላይ ቴስታታው ብረት በመሆኑ ብዙ ይታገሣል፤ በደብሊው 124 የናፍታ ሞተሮች ላይ ግን ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከጋለ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ መሙላትና በየሦስት ዓመቱ መለወጥ ከማንኛውም ጌጥ በፊት የሚመጣ ወጪ ነው።

ሦስተኛው እንደ ውሃው ሙቀት መተላለፊያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ነው፤ እዚህ ላይ በተለይ ባለሙያዎቹን እለምናለሁ። መኪና ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ መፍትሔ ሆኗል። በእነዚህ የመርሴዲስ ሞተሮች ላይ ግን ቴርሞስታቱ የሚሠራው በሁለት ወገን ነው፤ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት ውሃውን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያዞረውን መንገድ ይዘጋል። ሲወጣ ይህ ሁለተኛው መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፤ በዳገትና በትራፊክ መጨናነቅ ጊዜም ሙቀቱ ይብስበታል። ደንበኛው ቢጠይቃችሁ እንኳ ይህን ሥራ አትሥሩለት፤ ምክንያቱን አስረዱት።

ስለ ፍሬን ዘይት ባጭሩ እናገራለሁ። ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት በጨመረ ቁጥርም የሚፈላበት መጠን ይወርዳል። በከተማ ውስጥ ጉድለቱ አይታወቅም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ግን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚሄድ ፍሬኑ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ሳይዝ ወደ ታች ይገባል። በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት። ላስቲክ የሆኑት የፍሬን ቱቦዎችም ከውስጥ እያበጡ ስለሚዘጉ ከውጭ ሲታዩ ደኅና መሆናቸው ሊያታልለን አይገባም።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ባለመኪኖች ብዙ ኪሎሜትር የሄደ ካምቢዮ ዘይቱ ከተለወጠ ይሞታል የሚለውን አባባል ሰምታችሁ ይሆናል። ቀድሞውኑ የተቃጠለና መንሸራተት የጀመረ ካምቢዮ በአዲስ ዘይት አይድንም፤ ጤነኛውን ግን የሚጎዳው አሮጌው ዘይት ነው። በየ60,000 ኪሎሜትሩ ዘይቱና ፊልትሮው ሲለወጡ በእነዚህ ዘመን ካምቢዮዎች ላይ ከታችኛው ጋን በተጨማሪ የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ኮንቨርተርም የራሱ ማፍሰሻ እንዳለው አትርሱ፤ እርሱ ካልፈሰሰ ከአሮጌው ዘይት ብዙው እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ናፍታ ሞተሩ እመለሳለሁ። ባለ አራትና ባለ አምስት ሲሊንደር የሆኑት የደብሊው 123 ሞተሮች የባልቦላ፣ ማለትም አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው የሲሊንደር በር፣ ክፍተታቸው በእጅ የሚስተካከል ነው፤ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ ለአየር ማስገቢያው ባልቦላ 0.10፣ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ በሌላቸው ላይ ለጭስ ማውጫው 0.30 ሚሊሜትር ይሆናል። ባልቦላው መቀመጫው ላይ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ እየጠበበ ይመጣል፤ ባልቦላው በሚገባ ሳይዘጋ ሲቀር የሲሊንደሩ ግፊት ይወርዳል፤ ጠዋት ሞተሩን ማስነሣት ያስቸግራል። በየ24,000 ኪሎሜትሩ ሊሠራ የሚገባው ይህ የጥቂት ሰዓት ሥራ በመዘለሉ ብቻ ሞተሩ አልቋል ተብሎ የተፈረደባቸው መኪኖች መኖራቸው ያሳዝነኛል። በደብሊው 124 የናፍታ ሞተሮች ላይ ባልቦላዎቹ በዘይት ግፊት ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው ንጹሕ ዘይት ነው። ሞተሩ የየትኛውም ይሁን፣ የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን በየ5,000 ኪሎሜትሩ መለወጥ እመክራለሁ፤ የናፍታ ጥላሸት ዘይቱን ፈጥኖ ያጠቁረዋልና።

ስለ ጭስም አንድ ነገር ልጨምር። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ወለል ላይ ከሚያገኘው አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ጉልበቱ ቢያንስ ተፈጥሯዊ ነው። ጉልበት ለመጨመር ተብሎ የናፍታ ፓምፑ ብሎን ሲዞር ግን የሚጨመረው ለመቃጠል አየር የማያገኝ ናፍታ ነው፤ ውጤቱም ጥቁር ጭስና ከመጠን ያለፈ ሙቀት ነው። ፓምፑን ከመንካታችን በፊት የአየር ፊልትሮውን፣ ሁለቱን የናፍታ ፊልትሮዎችና የነዳጅ መስጫው ፔዳል እስከ መጨረሻው መክፈቱን እንመልከት።

ደብሊው 123 ናፍታ ያላችሁ፣ ቁልፉ ሲዘጋ ሞተሩ አልጠፋ ካለ እንደ ቀላል ነገር አትለፉት። ሞተሩን የሚያጠፋው፣ በሮቹንም የሚቆልፈው በአንድ ፓምፕ የሚሳብ አየር ነው፤ ፍሬኑን የሚያቀልልን መሣሪያም የሚሠራው በዚያው ፓምፕ ነው። አንዲት የደረቀች ትንሽ ቱቦ ሁሉንም ልታዳክም ትችላለች። ደብሊው 124 ቤንዚን ያላችሁ ደግሞ፣ መኪናችሁ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ ከሆነ የሞተሩን ዋና የኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን አስመርምሩ። በእነዚያ ዓመታት ገመዶች ላይ የነበረው ሽፋን በሙቀት እየተፈረፈረ ሽቦዎቹን ያገናኛል፤ የሚያመጣው ብልሽት ደግሞ ሌላ ዕቃ የተበላሸ ያስመስላል።

ዕቃ ስለ መግዛት የማምንበትን ልንገራችሁ። ከሱማሌ ተራ ያገለገለ በር፣ መስታወት፣ መብራት ወይም ቸርኬ መግዛት ምንም ነውር የለበትም፤ ብዙ ጊዜም ከአዲሱ አስመስሎ ከተሠራው የተሻለ ነው። ላስቲክ የሆነ ነገር ግን ያገለገለ አይገዛም፤ ተሽጦ ሳያልቅ መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የቆየውም ቢሆን ያረጀ ነውና የተሠራበትን ዓመት ተመልከቱ። ኃይልን ወደ ኋላ በሚወስደው ዘንግ ጫፎች ላይ ያሉት የላስቲክ ዲስኮች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ሲሰነጠቁ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ያመጣሉ፣ ችላ ከተባሉ ግን ይበጠሳሉ።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አይቻልም። የእነዚህ መኪኖች ኪሎሜትር ቆጣሪ ደግሞ በውስጡ ያለው ጥርስ ስለሚበላ ብዙ ጊዜ ይቆማል፤ 300,000 የሚያሳየው መኪና በእርግጥ ምን ያህል እንደሄደ ማንም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ደብተር ያዙ፤ የተሠራውን ሥራ፣ ቀኑን፣ የገባውን ዕቃ ዓይነትና የተቀዳውን ነዳጅ ጻፉበት። ቆጣሪው ቢቆም እንኳ ከነዳጁ መጠን የተሄደውን መንገድ መገመት ይቻላል። መኪናው ሲሸጥም ደብተሩ ከሊብሬው ጋር አብሮ ይሂድ፤ ቀጣዩ ባለቤት ከባዶ አይጀምርም።

ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ቀለሙ ይጠብቅ። በዚህ ዓመት ማቀዝቀዣውንና ፍሬኑን፣ በሚቀጥለው ካምቢዮውንና የእግሩን ላስቲኮች፣ ከዚያ በኋላ ውበቱን ብትሠሩ ቦሎም ስታወጡ፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ወደ ክፍለ ሀገር ስትወጡም በሙሉ ልብ ትሄዳላችሁ።

ግቢው ውስጥ የቆመው የደብሊው 123 ናፍታ፣ 300 ዲ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ስላልተነሣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። የባልቦላ ክፍተት አለካኩን በተግባር ማየት የምትፈልጉ ወጣት ባለሙያዎች አሁኑኑ ወደዚያ እንሂድ። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።