ሰላም ስል ላም የምትል ኪቦርድ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔ አለሁ፣ ማይኩ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንዲት ኪቦርድ አለች። ቆይ ላሰማችሁ። (የኪቦርድ ድምፅ) ሰማችሁ? ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ነው የምትመስለው። ዛሬ የማወራው ስለ እሷ ነው። አዎ፣ ሙሉ ክፍል ስለ ኪቦርድ። ያልጣማችሁ አሁኑኑ ውጡ፣ አልቀየምም።

ነገሩ የጀመረው በሻይ ነው። ላፕቶፔ ላይ ሻይ ደፋሁ። ቅመም ያለው፣ ስኳሩ ጠንከር ያለ ሻይ። በማግስቱ ቢ፣ ኤን እና ስፔስ አልታዘዝ አሉ። ያለ ኤን አማርኛ ጻፉ እስቲ! «ነው» ማለት አትችሉም። ዓረፍተ ነገሩ አያልቅላችሁም። ጠጋኙ ከፍቶ አየና «ሻዩ አይደለም የገደለው፣ ስኳሩ ነው» አለኝ። ከቁልፎቹ ሥር ደርቆ ተጣብቋል። ማስቀየሪያውን ዋጋ ሲነግረኝ ላፕቶፑን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

ያኔ ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ ለበዓል ልትመጣ ነበር። «ምን ላምጣልህ?» አለችኝ። ኪሎ እንዳይበዛባት ብዬ «ኪቦርድ፣ ገመድ የሌላት፣ ትንሽ ትሁን» አልኳት። ቃል አክባሪ ናት። ከሻንጣዋ ስታወጣት የልጅ መጫወቻ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ትንሽ ስንል ምን ያህል ነው? መደበኛው፣ የአሜሪካኖቹ ሙሉ ኪቦርድ፣ 104 ቁልፍ አለው። በቀኝ በኩል ያሉትን 17 የቁጥር ቁልፎች ቆርጣችሁ ብትጥሉ 87 ይቀራል። የእኔዋ 61 ናት። ከላይ የነበረው የኤፍ ረድፍ ሄዷል። ቀስቶቹ ሄደዋል። ዲሊት ሄዷል። ሄደዋል ስል ጠፍተው አይደለም፣ ተደብቀው ነው። ኤፍኤን የምትባል ቁልፍ ይዛችሁ ሌላ ቁልፍ ስትጫኑ ብቅ ይላሉ። ኤፍ 2 ከፈለጋችሁ ኤፍኤን እና 2። ቀስት ከፈለጋችሁም እንደዚያው፣ ኤፍኤን እና አንድ ፊደል።

እዚህ ላይ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትንሽ ኪቦርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቁልፎችን ቀንሶ ነው የሚያንሰው። ሌላው ግን ቁልፎቹን ራሳቸውን ያሳንሳቸዋል። ሁለተኛው ጣት ያጣላል። ማስመሪያ ይዛችሁ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ጎረቤቱ መሐል ለኩ። ወደ 19 ሚሊ ሜትር ከሆነ እጃችሁ ያውቀዋል፣ የለመደው ልክ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ተዉት። የእኔዋ በዚህ በኩል ደህና ናት።

መልካሟን ልናገር፣ ፍርደ ገምድል እንዳልባል። ትከሻዬ ተርፏል። ድሮ ቢሮ ስሠራ ሙሉ ኪቦርድ ነበረኝ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን። ማውሱ ከቁጥሮቹ ወዲያ ማዶ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ ቀኝ እጄን እንደዘረጋሁ እውላለሁ፣ ማታ የትከሻዬ አናት ይነድዳል። ወንበሩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ኪቦርዷ 30 ሴንቲ ሜትር አትሞላም። ማውሱ እጄ ሥር ነው። ላፕቶፑን ደግሞ አራት ወፍራም መጽሐፍ ላይ አወጣሁትና ስክሪኑ ከዓይኔ ትይዩ ሆነ። አንገቴም አረፈ። ለዚህ ብቻ እንኳ ብትሆን ዋጋዋን ከፍላለች።

ሁለተኛው ጥቅሟ መብራት ሲጠፋ ነው። የላፕቶፔ ባትሪ አርጅቷል፣ አርባ ደቂቃ ቢቆይ ነው። ኪቦርዷ ግን ሦስት ዕቃ ታስታውሳለች። አንዱ ላፕቶፑ፣ ሁለተኛው ስልኬ፣ ሦስተኛው የልጄ ታብሌት። መብራት ሲሄድ ስልኬን ኩባያ አስደግፌ መጻፌን እቀጥላለሁ። መጀመሪያ ቀን እንዲህ ብዬ ስጀምር ታዲያ የወጣው ሁሉ የፈረንጅ ፊደል ነው። ስልኬ ላይ የነበረው የአማርኛ መጻፊያ በጣት ለመንካት የተሠራ ነው፣ ከውጭ የመጣ ቁልፍ አያውቅም። የሚያውቅ እስካገኝ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ማንም አይነግራችሁም ይህንን፣ ማሸጊያው ላይም አይጻፍም።

አሁን ወደ ላሟ እንምጣ።

ሥራዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ የሰው ጽሑፍ እየተቀበልኩ እተይባለሁ፣ አርማለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ። ሰባት ደብተር። ስማቸውን አልናገርም፣ ጋሼ እንበላቸው። አንድ ጠዋት ጥያቄ ነበረኝና በቴሌግራም ጻፍኩላቸው። «ሰላም ጋሼ፣ እንዴት አደሩ» ብዬ ላክሁ። መልሳቸው መጣ። «ልጄ፣ ደህና አድሬአለሁ። ላሟ ስንት ሊትር ትሰጣለች?»

ግራ ገባኝ። ወደ ላይ ብዬ የራሴን መልእክት ሳየው «ላም ጋሼ፣ እንዴት አደሩ» ይላል።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ኪቦርዷ ካልነካኋት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትተኛለች። ኃይል ለመቆጠብ ነው፣ ብሉቱዙን ታቋርጣለች። ስነካት ነቅታ እስክትገናኝ አንዲት ቅጽበት ያስፈልጋታል። በዚያች ቅጽበት የተጫንኩት ሁሉ የትም አይደርስም። አማርኛ ደግሞ በእንግሊዝኛ ቁልፍ፣ እንደ ድምፁ ነው የምጽፈው፣ ኤስ እና ኢ ስጫን ሰ ይሆናል። ሁለት ቁልፍ ጠፋ ማለት አንድ ፊደል ጠፋ ማለት ነው። ከሰላም ላይ ሰ ሲነሳ ላም ይቀራል። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ቢሆን የጎደለ ቃል ነበር፣ ለእኛ ከብት ሆነ። አሁን ከመጻፌ በፊት ሺፍትን ሁለት ጊዜ እነካለሁ፣ በር እንደማንኳኳት።

ይሄ ያስቃል። የሚቀጥለው ግን አላሳቀኝም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደብተሮች ተይቤ ሰጠኋቸው። ከአሥር ቀን በኋላ መለሱልኝ። ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ቀልቷል። ሥራ የሚለውን ሁሉ ስራ ብዬዋለሁ። ዓመት አመት ሆኗል። ኃይል ሀይል ሆኗል። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ አክብበው ከጎኑ ጽፈዋል። «እኔ ጨረቃ ሠረቀች ብያለሁ። አንተ ሌባ አደረግሃት።»

በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣች ነው፣ በእሳቱ ሰ ሲሆን ወሰደች። እኔ ደግሞ ይህን አጥቼው አይደለም። በቢሮው ኪቦርድ ለዓመታት በትክክል ስጽፍ ነበር። ታዲያ ምን ነካኝ?

ጣቴን ተከታተልኩት። የምጠቀምበት መጻፊያ ኤስ ስጫን እሳቱን ሰ ይሰጠኛል። ንጉሡን ሠ ስፈልግ ከፊቱ አንዲት ያጋደለች ጭረት መጫን አለብኝ። ዓይኑ ዐም፣ ብዙኃኑ ኀም፣ ፀሐዩ ፀም እንደዚያው። ጭረቷ በሙሉ ኪቦርድ ላይ ከ1 ቁጥር በስተግራ፣ ጥግ ላይ ናት። በእኔዋ ላይ ግን የኤፍ ረድፍ ስለሌለ ቦታውን ኢስኬፕ ወስዶታል። ጭረቷ ተደብቃለች። እሷን ለማግኘት በቀኝ እጄ ታች ያለውን ኤፍኤን ይዤ፣ በግራዬ ላይ ያለውን ኢስኬፕ ነክቼ፣ ሁለቱንም ለቅቄ ኤስ እጫናለሁ። ለአንዲት ሠ ሁለት እጅ! ጣት ደግሞ ሰነፍ ነው። ሳላዘው በራሱ አቋራጭ አገኘ። እኔም ሳነብ አላየሁትም፣ በየቀኑ ፌስቡክ ላይ የማየው ስለሆነ ዓይኔ ለምዶታል።

በነገራችን ላይ ይሄ የቦታ ጥበት አዲስ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩም የገጠማቸው ይኸው ነው። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል በጥቂት ቁልፍ ላይ አይቀመጥም። መፍትሔው ለፊደሉ ቅጥያ እየጨመሩ መምታት ሆነ። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ፊደላችንን አንድ በአንድ ያውቀዋል፣ ከ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ ውስጥ፣ አለ። የጠበበው ጣታችን የሚያርፍበት ቦታ ነው።

እና ምን አደረግኩ? ኪቦርዷን አፍጥጬ ሳያት ካፕስ ሎክ ላይ ዓይኔ አረፈ። 61 ቁልፍ ብቻ አላት፣ ቀስት እንኳ ጥላለች፣ ካፕስ ሎክ ግን እንደ ባላባት ሰፊ ቦታ ይዞ ተቀምጧል። እኛ ትልቅ ፊደል ትንሽ ፊደል የለንም! ለአማርኛ ጸሐፊ ካፕስ ሎክ ጥፋት ብቻ ነው። ሳላስበው ከነካሁት ተ ጠ ይሆንብኛል፣ ሰ ጸ ይሆንብኛል፣ ግማሽ መስመር አበላሽቼ ነው የምነቃው። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ፓወርቶይስ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ የአንዱን ቁልፍ ሥራ ለሌላው ያስይዛል። ካፕስ ሎክን ሽሬ ጭረቷን ሾምኩበት። አሁን የግራ ትንሿ ጣቴ ሳትንቀሳቀስ ሠ ትጽፋለች። ሁለቱን ደብተር እንደገና ተየብኩ፣ ያለ ክፍያ። ጋሼ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጠው በእርሳስ መጡ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ስልኬ ላይ ግን ይህ አይሠራም፣ መብራት በጠፋ ቀን የጻፍኩትን አሁንም ጎልጉዬ ነው የማየው።

ባለቤቴ በበኩሏ ኪቦርዷን አትነካትም። የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የቁጥር ሰሌዳው ላይ ጣቷ ሳታይ ነው የሚሮጠው፣ 5 ቁጥር ላይ ያለችውን ጉብታ ይዛ። አንድ ቀን ደመወዝ ልትሠራበት ሞከረች፣ አሥር ሰው ሳትጨርስ «ይሄ ኪቦርድ አይደለም፣ ፒያኖ ነው» ብላ ገፋችው። ትክክል ናት። በቁጥር የምትኖሩ አትግዟት። ኮምፒዩተር ፎርማት የምታደርጉም እንዲሁ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ ብሉቱዙም አይነሳም፣ ብዙውን ጊዜ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ፣ ልትገቡባት አትችሉም። ባለ ገመድ አንድ አሮጌ ኪቦርድ ቁም ሳጥን ላይ ይኑራችሁ።

ዛሬ ብገዛ እኔ ራሴ ባለ 84ቷን ነው የምገዛው። ቀስቶቹ አሉ፣ የኤፍ ረድፉ አለ፣ ጭረቷም በቦታዋ ናት፣ የሌሏት የቁጥሮቹ ሰሌዳና ጥቂት ቁልፎች ብቻ ናቸው። ለአራሚ ቀስት እንደ ማጭድ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሠራበት። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ለመቆጠብ ብሎ ቀስት መደበቅ አልገባኝም።

የቀረው የድንጋይ ጉዳይ ነው። ሁለት ቀጫጭን የሪሞት ድንጋይ ትበላለች። አትሰስትም፣ ወራት ትቆያለች። ችግሩ ስታልቅ ነው። በቻርጀር የምትሞላ ብትሆን ሰክቼ እቀጥል ነበር። ሱቅ በተዘጋበት ሰዓት ስታልቅ ግን ቤት ውስጥ ያለው ድንጋይ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ውስጥ ብቻ ነው። ሪሞቱ ደግሞ የእማዬ ነው። ባለፈው ወስጄ መመለሱን ረስቼ ተከታታይ ድራማዋ አመለጣት፣ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

አሁን ይህን ስቀዳ ጥግ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ማለት ጀምራለች። የጋሼ ሦስተኛ ደብተር ነገ ነው የሚደርሰው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ሳሎን ድምፅ የለም፣ እማዬ የተኛች ይመስለኛል። ልነሳና ቀስ ብዬ ልይ። ቻው፣ ደህና እደሩ።