ሸ ማለት ኮፍያ ያደረገ ሰ ነው

ዮ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬው ርዕሳችን ትንንሽ ልጆች ፊደል እንዲለዩና እንዲጽፉ እንዴት እንርዳቸው የሚል ነው። ዝርዝር ይዤ መጥቻለሁ፤ አንደኛ የእርሳስ አያያዝ...

ሰ፦ ዝርዝሩ ይቆየን። መጀመሪያ የልጄን ጉድ ላውራ።

ዮ፦ ተጀመረ!

ሰ፦ አምስት ዓመት አልሞላትም። ሀሁን ከሀ እስከ ፖ ሳትተነፍስ ታወርደዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር "በይ እስቲ" እላታለሁ፣ ትላለች፣ ይጨበጨብላታል። አንድ ቀን ገበታው ላይ ጣቴን "ቶ" ላይ አድርጌ "ይቺ ማናት?" አልኳት። ዝም። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ወደ ላይ ወጣችና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለች ወርዳ ተ ጋ ስትደርስ ወደ ጎን ታጠፈች። ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት፣ ቶ!

ዮ፦ ደረሰችበት እኮ!

ሰ፦ ቤት እንደሚፈልግ ሰው በር እየቆጠረች ነዋ!

ዮ፦ እኔም ስልክ ቁጥሬን ከመሃል ብትጠይቂኝ አላውቀውም።

ሰ፦ በቃ፣ እሱን ነው የምልህ። የምታውቀው ዜማውን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም። የኔታዎች ሀሁን ካስቆጠሩ በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚህ ይመስለኛል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ከአ ግዕዙን፣ ከበ ካዕቡን፣ ከገ ሣልሱን እያልክ በሰያፍ ትሄዳለህ። በሀሁ ዜማ የሸመደደ እዚያ ላይ ይያዛል።

ዮ፦ አቡጊዳም እኮ ዜማ አለው። እሱስ አይሸመደድም?

ሰ፦ ይሸመደዳል። ግን ሁለተኛው ዜማ አንደኛውን ይሰብረዋል።

ዮ፦ ኧረ አላሳመንሽኝም። እኔ ብሆን በስሟ ፊደላት ነበር የምጀምረው። ልጅ የራሱን ስም ይወዳል።

ሰ፦ እሱስ እውነት ነው... ግን ሀሁም ይኑር። ደግሞ ኮፍያውን ሳልነግርህ!

ዮ፦ የምን ኮፍያ?

ሰ፦ ሰ እና ሸ እየተምታቱባት አስቸገረችኝ። "ሸ ማለት ኮፍያ ያደረገ ሰ ነው" አልኳት። አበቃ። ተ ኮፍያ ሲያደርግ ቸ፣ ነ ሲያደርግ ኘ፣ ዘ ሲያደርግ ዠ። በማግስቱ በ ላይ ኮፍያ ደፍታ መጣችና "ይሄስ?" አለችኝ።

ዮ፦ ቨ!

ሰ፦ ቨ! ማንም ሳያስተምራት! እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ዮ፦ ጀ እና ጨስ? እነሱ ኮፍያ የላቸውም።

ሰ፦ አትረብሸኝ።

ዮ፦ እሺ፣ ግን 33 በ7፣ 231 ፊደል ነው። ሁሉም በኮፍያ አያልቅም።

ሰ፦ ለዚህ ነው 231 ነገር አድርገህ የማታስተምረው። ካዕብ ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ ቅጥያ አለው፦ ቡ፣ ሉ፣ ሱ። ሣልስ እግሩ ስር፦ ቢ፣ ሊ፣ ሲ። ኃምስ እዚያው እግሩ ላይ ቀለበት ያጠልቃል፦ ቤ፣ ሌ፣ ሴ። ይህን የያዘ ልጅ አዲስ ፊደል ቢያይ እንኳ ይገምታል።

ዮ፦ ሳድስስ?

ሰ፦ ሳድስ ሕግ የለውም፣ እንደየቤቱ ነው። ሩ እና ፉም ያምፃሉ። እነሱን በዓይን ማስለመድ ብቻ ነው።

ዮ፦ አሁን ወደ ዝርዝሬ ልመለስ? እርሳስ...

ሰ፦ ከእርሳሱ በፊት ጣት! አሸዋ ላይ ወይ ዱቄት ላይ በጣቷ ትልቅ አድርጋ ትጻፍ። የጣት ጡንቻ ሳይጠና ጠባብ መስመር ውስጥ ማስገባት ልጅን ማስለቀስ ነው።

ዮ፦ እኔ ግን ቶሎ እርሳስ ቢለምዱ ይሻላል ባይ ነኝ። ጣትና እርሳስ ለየቅል ናቸው።

ሰ፦ ወፍራም ከለር ስጣት በቃ፣ እንታረቅ። ገ እና ረን ወደ ግራ አዙራ ብትጽፍም አትደንግጥ። እስከ ስድስት ሰባት ዓመት ድረስ የተለመደ ነው። ኩባያ ወደ ግራም ዞረ ወደ ቀኝ ያው ኩባያ ነው፤ ፊደል ግን እንደዚያ እንዳልሆነ በምን ታውቃለች?

ዮ፦ ከዝርዝሬ አንዷን እንኳ አላስጨረስሽኝም። ለመሆኑ መ ላይስ ኮፍያ አላደረገችም?

ሰ፦ አድርጋለች እንጂ! ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች። "ምን ተብሎ ይነበባል?" ስላት አፏን ገጥማ "ምምምም" አለችኝ።