በረካ ላይ የደረስኩት መብራት ሲጠፋ ነው

እንደምን ዋላችሁ እህት ወንድሞቼ። ከጠዋት ፈረቃ ወጥታችሁ፣ ሳታርፉ በቀጥታ እዚህ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እዚህ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ 14 ዓመት ሆነኝ። ጠዋት የሀረጎን ተራራ ወርጄ ማታ እወጣለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ግን በክረምት ጉም ሲወርድ ሚኒባሱ በቀን መብራት አብርቶ እየተሳበ ነው የሚሄደው። 12 ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። የፈረቃ ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ ደግሞ እግሬ ቤት ይገባል እንጂ ልቤ ፋብሪካ ነበር። የቴሌግራም ግሩፑ አለ። ማሽን ቆመ፣ ክር አለቀ፣ እገሊት ቀረች፣ ማን ይተካት?

እናቴ ቡና ስታፈላ አቦሉን ቆሜ እጠጣለሁ። ቶናው ሲደርስ ስልኬ ይጮሃል፣ ይዤው ወደ በረንዳ እወጣለሁ። በረካ ላይ ደርሼ አላውቅም። በረካ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አልነግርም፣ ምርቃቱ ያለው እዚያ ነው። እሷ አንድም ቀን ቅር ብሏት አታውቅም። ሲኒዬን በሰሃን ትከድንልኛለች፣ ስመለስ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ።

አንድ እሁድ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። ስልኬ ዝም ሲል ረከቦቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ሲቀዳ እጇን አየሁት። ጀበናውን በቀኟ ይዛ በግራ እጇ ጣት የሲኒውን አፍ ትዳብሳለች። አፉን ስታገኘው ጣቷን እዚያው ታደርግና ትቀዳለች፣ ትኩሱ ቡና ጣቷን ሲነካት ታቆማለች። የጣቷ ጫፍ ቀልቷል።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ምንም፣ ትንሽ ይጋርደኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምናው መስቀል።»

አንድ ዓመት ሙሉ! እኔ እኮ ጨርቅ ላይ አንዲት ክር ብትስት ከሩቅ የማይ ሰው ነኝ፤ አብሬያት እየኖርኩ፣ በየቀኑ ከእጇ እየጠጣሁ፣ የእናቴን ዓይን ግን አላየሁም።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠየቅሁ። የዓመት ፈቃዴ ተጠራቅሞ ነበር፤ አለቃዬ ወዲያው ፈረመልኝ። ለካ እስከዛሬ የከለከለኝ ሰው አልነበረም፣ እኔ ነኝ ጠይቄ የማላውቀው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወሰድኳት፣ የዓይን ሞራ ነው አሉ፣ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ፋሻው ሲነሳ ፊት ለፊቷ እኔ ነበርኩ። ትንሽ አየችኝና «ከሳህ እኮ ልጄ» አለች። ለካ እሷም ካየችኝ ቆይታለች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ኦቨርታይም አትሥሩ ልላችሁ አልመጣሁም። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ፣ ከምታገኙት ላይ ለቤተሰብ እየላካችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ ኑሮው እንዲህ በከበደበት ጊዜ ተጨማሪ ብር የሚጠላ የለም። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። 48 ላይ 12 ስትደምሩ 60 ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ ራሱ፣ በየሳምንቱ ከሆነ፣ ያንን መስመር አልፏል ማለት ነው። አንድ ሳምንት ሥሩ፣ ቀጣዩን እረፉ። እንግዳ ሲመጣ፣ የቤት ኪራይ ሲደርስ ሥሩ፣ ግን ልማድ አይሁንባችሁ።

የዓመት ፈቃድም ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። «በብር ይለወጥልኝ» የምትሉ ብዙ ናችሁ፣ ለኔም መጥታችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ሥራ ላይ እያላችሁ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ ሕጉ አይፈቅድም። የማይፈቅደውም እንድታርፉ ነው። አገር ቤት ሂዱበት፣ ተኙበት፣ ጓደኛችሁን አግቡበት።

እዚህ የተቀመጣችሁ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማታ አትደውሉ። እኔ ብዙ ሰው ከእራት አስነስቻለሁ፣ ሕፃን እያጠባች ያነሳችልኝም አለች፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። አሁን በኛ ፈረቃ ከማታ 2 ሰዓት በኋላ ግሩፑ ላይ አይጻፍም። አንድ ተረኛ ስልኩን ይከፍታል፣ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ፋብሪካው አልቆመም።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፣ እስከ 11 ሰዓት እዚሁ ነኝ። 11 ላይ ሚኒባስ እይዛለሁ፣ እማ ሳልደርስ ቡናውን አትቆላም።