ለቀይ ቀበሮ የቱን ሌንስ እንያዝ?

[ምስል፦ ማለዳ፣ የባሌ ተራሮች የሳኔቲ አምባ፣ ውርጭ የያዘው ሣር]

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ብርዱ ጣት ይቆረጥማል። ከመንገዱ ወዲያ አንድ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍጥጧል። ካሜራችሁ ላይ ያለው ሌንስ 24-70 ሚሊሜትር ከሆነ (ቁጥሩ ሲበዛ ሩቁን ይበልጥ ያቀርባል) ቤት ገብታችሁ የምታዩት ሰፊ ሜዳ ላይ ያለች ቀይ ነጥብ ነው።

ታዲያ ስንት ሚሊሜትር ይበቃል?

ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ "600" ይላል። ሩቁን ያቀርባል፣ እውነት ነው። ግን እስቲ ክብደቱን እንይ። የሶኒ 200-600 ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሳኔቲ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ባዶ እጅ መራመድ ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሁለተኛው ቀን ላይ ያ ሌንስ መኪና ውስጥ መቅረቱ አይቀርም።

ስለዚህ ለጉዞ የምመክራችሁ 100-400 ነው።

[ምስል፦ ሁለት ሌንሶች ጎን ለጎን]

የሶኒው 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። የካኖን አርኤፍ 100-400 ደግሞ 635 ግራም ብቻ። ልዩነቱ ብርሃን ላይ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት በ"ኤፍ" ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ያስገባል። 400 ላይ ሲደርሱ የሶኒው እስከ ኤፍ 5.6 ይከፈታል፤ የካኖኑ ኤፍ 8 ላይ ይቆማል። ያ ማለት የሚያስገባው ብርሃን ግማሽ ነው። ለሌሊት አውሬ ቢሆን አልመክረውም ነበር። ቀይ ቀበሮ ግን በቀን ነው የሚያድነው፤ የሚበላቸው ፍልፈሎች በቀን ይወጣሉና። ፀሐይ ከፍ ካለች ኤፍ 8 ይበቃችኋል።

አንድ ነገር አትርሱ፤ የካሜራችሁን ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለውን ክፍል) እዩ። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስ ያለው ዓይነት ከሆነ 400ው እንደ 600 ያቀርባል። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።

[ምስል፦ ሰሜን ተራሮች፣ የጭላዳ መንጋ]

100ው ለምን ያስፈልጋል? ሰሜን ተራሮች ሂዱና ጭላዳዎቹን እዩ። ሣር እየነጩ ጥቂት ሜትር ድረስ ይጠጓችኋል። ከ200 የሚጀምር ሌንስ ፊት ብቻ ይሰጣችኋል። በ100 ግን መንጋውም ገደሉም ይገባል። ዋልያ ሩቅ ገደል ላይ ቢቆም 400 ያንሳል፤ ያኔ ገደሉን ከነዋልያው አንሱት። ለእኔ እንዲያውም ያ ነው የሚያምረው።

ስለ እጅ መንቀጥቀጥም ላንሳ። ሌንሱ ላይ ያለው ማረጋጊያ የእናንተን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ቀበሮ አያቆምም። ለሩጫ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ ከ1/1000 ሰከንድ ያጠረ አድርጉት። ትራይፖድ መሸከም አያስፈልግም። ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ሩዝ ሙሉና የመኪናው መስኮት ላይ አስቀምጡት፣ ሌንሱን እሱ ላይ አሳርፉ። ሞተሩን ማጥፋት ግን ግዴታ ነው፤ ንዝረቱ ፎቶውን ያበላሸዋል።

[ምስል፦ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ]

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን አቋርጦ ያልፋል። ቀበሮውን ከመኪና ሳትወርዱ ልታገኙት ትችላላችሁ። እባካችሁ አታባርሩት። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም እዚሁ አገራችን ናቸው። ሲያድን ካስበረገጋችሁት ምሳውን ነው የምትነጥቁት።

ጸጥ ብላችሁ ጠብቁ። አንዳንዴ ራሱ መንገዱን ሊሻገር ወደ መኪናው ይመጣል። ያኔ ቶሎ ብላችሁ ዙሙን ወደ 100 መልሱት።