ለአርምድ ሪስፖንስ እየከፈልኩ ለምን ተዘረፍኩ? የጆሃንስበርግ አድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ጄፒ በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ሱቅ ያለው አድማጭ)፦ በየወሩ ለአርምድ ሪስፖንስ (አላርም ሲጮህ የታጠቀ ጋርድ በመኪና ለሚልክ የግል ጥበቃ ድርጅት) እከፍላለሁ፣ ሌቦቹ ሲገቡ ግን መኪናው የደረሰው እቃው ተጭኖ ከሄደ በኋላ ነው። ታዲያ የምከፍለው ለምንድነው?

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ህይወትህ ተረፈ። አየህ አላርሙ ሲጮህ ሲግናሉ ኮንትሮል ሩም (የድርጅቱ መቆጣጠሪያ ክፍል) ይገባል፣ እዛ ያለው ሰው አላርሙ እንዲሁ በስህተት ጮሆ እንዳይሆን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ይደውልልሃል፣ ካላነሳህ ወይ የሚስጥር ቃሉን ካልነገርከው ነው በሬድዮ ቅርብ ያለውን መኪና የሚልከው፣ እዚህ ላይ ደቂቃዎች ይሄዳሉ። ስለዚህ አደጋ ሲሸትህ አላርሙ እስኪጮህ አትጠብቅ፣ ፓኒክ በተኑን (የድረሱልኝ ቁልፉን) ቀድመህ ተጫን። ኮንትራት ስትፈርም ደግሞ ሰው ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ እኔ ግን የምለው ማታ ማታ በኛ ሰፈር ስንት መኪና ታሰማራላችሁ ብለህ ጠይቅ፣ ምክንያቱም አንድ መኪና ሰፊ አካባቢ ከያዘና ሁለት አላርም እኩል ከጮኸ አንዱ መጠበቁ የግድ ነው። መብራት ሲጠፋም የአላርሙ ባትሪ ደካማ ከሆነ ሱቅህ ያለ ጥበቃ ነው ያለው፣ ሌቦቹ ደሞ ይሄን በደንብ ያውቁታል።

ጥያቄ (ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ የሚባለው ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያላት እህት)፦ የሰፈር ልጆች በርካሽ እንጠብቅሽ ይሉኛል፣ ልቅጠራቸው?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ ተይው። እዚህ አገር ማንኛውም የጥበቃ ድርጅትም ሆነ ጋርድ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ህግ ፒሲራ የሚባለው ተቆጣጣሪ ጋ መመዝገብ አለበት፣ እያወቁ ያልተመዘገበ መቅጠር ቀጣሪውንም ያስጠይቃል። የፒሲራ መታወቂያውን አሳየኝ በይው። ካልከፈልሽ ሱቅሽ ይቃጠላል የሚል ከመጣ ደሞ እሱ ጥበቃ ሳይሆን ዝርፊያ ነው፣ ብቻሽን አትጋፈጪው፣ አጠገብሽ ካሉት ባለሱቆች ጋር ሆናችሁ ለፖሊስ አመልክቱ።

በነገራችን ላይ የተመዘገቡ የግል ጥበቃ ሰራተኞች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው፣ ፖሊሱ ግን 200 ሺህ እንኳን አይሞላም። ገንዘብ ያለው እንደ ሳንተን ባለ የሀብታም ሰፈር መኪናውም ካሜራውም በየመንገዱ አለለት፣ እንደ ሶዌቶ ባለ ታውንሺፕ (የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ያለው ወገናችን ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ፍርግርጉና ጎረቤቱ ነው፣ ይሄ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ጥያቄ፦ ጋርዱ ሌባ ቢይዝ መምታት ይችላል?

መልስ፦ አይችልም! የመያዝ ስልጣኑ እ.ኤ.አ. በ1977ቱ የወንጀል ስነስርዓት ህግ አንቀጽ 42 ለማንኛውም ሰው ከተሰጠው አይበልጥም። እንደ ዝርፊያ ባለ ከባድ ወንጀል ይይዛል፣ ከዛ ቶሎ ለፖሊስ ያስረክባል። ከያዘው በኋላ ከደበደበው እሱ ራሱ ይከሰሳል፣ አንተም ግፋ በለው ካልክ አብረህ ነው የምትጠየቀው።

ደሞ ጋርዱ መጣ፣ ሪፖርት ጻፈ ብላችሁ እንዳትተዉት። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ኬዝ አስከፍቱ፣ ኬዝ ነምበሩን (የመዝገብ ቁጥሩን) ሳትይዙ አትውጡ፣ ኢንሹራንስም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው፣ የካሜራውንም ቅጂ ሳይጠፋ በፍላሽ አስቀሩ።