ማይክሮ ማሽንስ፦ ግራና ቀኝ የሚያጣላው የመኪና ጌም

እንዴት ናችሁ ቤተሰብ! የዛሬው ጌም ማይክሮ ማሽንስ ነው። ኮድማስተርስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በፈረንጆቹ 1991 ኔንቲዶ ለሚባለው የጌም ማሽን ያወጣው። ውድድሩን ከላይ ቁልቁል ነው የምታዩት። መኪኖቹ ጥቃቅን መጫወቻዎች ናቸው። የሚወዳደሩት የት መሰላችሁ? የቁርስ ጠረጴዛ ላይ! ፎርሙላ ዋኖቹ ፑል ጠረጴዛ ላይ ይበራሉ፣ ጀልባዎቹ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ።

ወደ ሌላው ሳልሄድ ግን አንድ ነገር። ብዙዎቻችሁ «ጌሙ ችግር አለው፣ መኪናው ወደ ታች ሲመጣ ግራና ቀኙ ይገለበጣል» ብላችሁኛል። አይገለበጥም። በፍጹም አይገለበጥም!

መኪና ስታቆሙ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያስቆማችሁ ልጅ አለ አይደል? «ና... ና... ግራ ስበር!» ትሰብራላችሁ። «ኧረ ግራ!» «ግራ እኮ ነው የሰበርኩት!» «የእኔን ግራ ነው ያልኩህ!» ጓ! ፓራውልቱ ግንቡን ሳመ።

ጌሙም ይኸው ነው። እናንተ ያ ልጅ ናችሁ። ጆይስቲኩ የሚያወራው ግን ለሹፌሩ ነው። መኪናው ወደ ላይ ሲሄድ ግራችሁ አንድ ነው። ወደ እናንተ ሲዞር ግን ፊት ለፊት ተያያችሁ፤ የእሱ ግራ በእናንተ ቀኝ በኩል ነው። በቃ፣ ልባችሁን መሪው ጋ አድርጉት። እኔ መጀመሪያ አካባቢ አንገቴን አብሬ አዞር ነበር። ወንድሜ እስከዛሬ ይስቅብኛል።

ቴክኒኩን ቶሎ ልበለው። ስፕራይት ማለት ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው ትንሽ ስዕል ነው፣ እዚህ መኪናው። ኔንቲዶው ስፕራይት ማሽከርከር አይችልም። መገልበጥ ግን ይችላል፣ ወደ ጎንም፣ ላይ ታችም። ስለዚህ ለ16 አቅጣጫ 5 ስዕል ይበቃል፣ የቀረው ግልባጭ ነው። ከላይ ስለምናይ ደግሞ መኪናው ሲርቅ ማነስ፣ ሲቀርብ መተለቅ የለበትም። አለቀ። ያልገባው ሰብስክራይብ ያድርግ፣ ስለ ስፕራይት ለብቻው እመለሳለሁ።

አሁን የምወደው ክፍል። ሁለት ሰው ሲጫወት ስክሪኑ ለሁለት አይከፈልም። አንድ ስክሪን፣ የጋራ። ጓደኛችሁን ጥላችሁት ሄዳችሁ ከስክሪኑ ከወጣ፣ ነጥቡ የእናንተ። ከዚያ ጎን ለጎን ሆናችሁ እንደገና። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የሁለት ሰው ደንብ አልተፈጠረም።

በ1994 ሜጋ ድራይቭ ለሚባለው የሴጋ ጌም ማሽን የወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ጉድ ነው። ካሴቱ ራሱ ላይ ሁለት የጆይስቲክ መሰኪያ አለው። ካሴቱ ላይ! ከማሽኑ ሁለት መሰኪያ ጋር አራት ሰው በአራት ጆይስቲክ። እያንዳንዱን ጆይስቲክ ለሁለት ከተካፈላችሁት ደግሞ ስምንት። አንዱ የግራውን ጎን ይይዛል፣ ሌላው የቀኙን። ከዚያ በኋላ ክርን ነው የሚያሸንፈው።